ሁለት ባልቴቶችና የምዜ ሐሚሲ እንሰት

ጉልበቱን ያመመው ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ አፉን የሚበላው ሰው ደግሞ ቆሎ ይይዛል። እኔ ጉልበቴንም ያመኛል፣ አፌንም ይበላኛል፤ ሁለቱንም ይዤ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ልጄ ታምራት "እናቴ፣ ተይ ይቅርብሽ፣ ባሕሩ አይሄድም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ባሕሩ የትም አልሄደም። የሄድኩት እኔ ነኝ። ሄጄም የሰው ጓሮ ቆፍሬ፣ የልጅ ልጄን እንጀራ በገጀራ ልቆርጥ ትንሽ ቀርቶኝ ተመለስኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ታምራት ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው። እኔ ከሱቁ በር ጎን የፕላስቲክ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሥራዬ መቀመጥ ነው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ እኔም በሱቅ ዙሉ እመልሳለሁ። የሱቅ ዙሉ ማለት ሰላምታ፣ ዋጋና ትንሽ ስድብ ነው። ከዚያ በላይ ቋንቋ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አልገባኝም። አማርኛውንም ቢሆን ሆሳዕና ገበያ ላይ ነው የለቀምኩት፤ እሱም ሰላምታ፣ ዋጋና ስድብ ነበረበት።

ጎረቤቴ ጎጎ ኖምሳ ናት። ጎጎ በነሱ አያት ማለት ነው። እሷና ጓደኞቿ ስቶክቬል የሚሉት እቁብ አላቸው። ሌላው ሰው የዓመቱን እቁብ ስጋና ዘይት ሲገዛበት፣ እነሱ ዘንድሮ ባሕር ሳናይ አንሞትም ብለው ተነሱ። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የልጅ ልጄ ትወስዳችኋለች አልኩ። አፍ እንዲህ ነው፤ ራሱ ተናግሮ እግርን ይልካል።

ፌቨን፣ የታምራት ልጅ፣ ያኔ ከተማ አንድ የጉዞ ቢሮ ገብታ በሙከራ ላይ ነበረች። ልጅቷ ዲግሪዋን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ቆማ ድንች ስትመዝን የኖረች ናት። አለቃዋ "አንድ ቡድን ወስደሽ ሰው ሳያማርር መልሺ፣ ከዚያ ቋሚ ስለመሆንሽ እንነጋገራለን" ብላታለች። አንድ ቅሬታ ከመጣ ግን ወደ ድንቹ። ስለዚህ ጎጎዎቹን ስታገኝ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከነሱ አንዷ ልጇ ልትወልድ ስትል ቀረች፣ ወንበሯ ባዶ ሆነ፣ ኖምሳም ይቺ አሮጊት ትምጣ ብላ ድርቅ አለች። ፌቨን አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። "እማማ፣ እዚያ ስንደርስ ምንም ነገር አትርጂኝ።" ማልኩላት። ስምል ከልቤ ነበር።

ዛንዚባር ደረስን። ስለ ባሕሩ አልነግራችሁም፣ ውሃ ነው፣ ብዙ ነው። ጎጎዎቹ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡና እንደ ሕፃን ተረጫጩ፣ እኔ ጫማቸውን ጠበቅሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ጉዱ። ፕሮግራሙ የባህል ጉብኝት ይባላል። ጠዋት አሮጌውን ከተማ ማየት፣ ከዚያ የቅመም እርሻ ሄዶ ምሳ መብላት፣ ማታ ከበሮ። አሮጌውን ከተማ አየን፤ በሩ ሁሉ ጉጥ ጉጥ ያለ ነው፣ እኔ በር ላይ መቀመጥ ስለምወድ ስለ በር አውቃለሁ፣ ጥሩ በሮች ናቸው። ከዚያ አውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳበት። ጎማው እስኪቀየር ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ፣ እርሻው ስንደርስ ምሳችንን ሌላ ቡድን በልቶት ሄዷል።

የእርሻው ባለቤት ምዜ ሐሚሲ ይባላሉ። ምዜ እዚያ ሽማግሌ ማለት ነው። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ፣ ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የጎደላቸው ደግ ሰው። ይቅርታ ጠየቁ፣ ምሳው እንደገና ይሠራል፣ እስከዚያ እርሻውን ላስጎብኛችሁ አሉ። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ፌቨን ለኔ በአማርኛ። እዚህ እንግዳ የለም፣ የኔ የሆነ ሁሉ የናንተ ነው አሉን። ብለውም አልቀሩ። ቀረፋውን በገጀራ ልጠው ቅመሱ፣ ቅጠሉን ቆርጠው አሽትቱ፣ እርዱን ከመሬት ነቅለው ይዘው ሂዱ። ቅርንፉዱን ሲያሳዩኝ ተገረምኩ። እኔ ቅርንፉድ ዛፍ ላይ መብቀሉን መቼ አውቄ፤ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ከነጋዴዋ ማዳበሪያ ከረጢት የሚበቅል ነበር የሚመስለኝ።

ዞረን ዞረን በሩ ጋ ስንመለስ አየሁት። ወፍራም እግር፣ ወደ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ቅጠል፣ የቅጠሉ አከርካሪ ቀላ ያለ። ቆምኩ። ሰው አገር ላይ የእናቱን ልጅ ድንገት እንዳገኘ ሰው ነው የሆንኩት። እንሰት። አራት አምስት ዓመት የሆነው፣ የደረሰ፣ ማንም ያልነካው እንሰት።

ምዜ ሐሚሲ ተክሉን መታ መታ አደረጉና ይሄ የውሸት ሙዝ ይባላል አሉ። ሙዝ ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም። ሙዝ ከሥሩ ልጅ ይወልዳል፣ ይሄ አይወልድም። ወንድማቸው ከባሕር ማዶ በጀልባ ነው ያመጣላቸው፣ በደሴቱ ላይ ከሱ ሌላ አይተው አያውቁም። ሰው ፎቶ ይነሣበታል። ፌቨን ይሄን ስትተረጉምልኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ታውቀኛለቻ።

የውሸት ሙዝ። እኔን፣ እናቴን፣ ስምንት እህትና ወንድሞቼን ያሳደገ፣ ዝናብ ሲቀር እንኳ እምቢ የማይል ተክል። ሙዝ ራሱ ነው እንጂ የውሸት እንሰቱ። ኖምሳ ደግሞ ክርኗን ጎኔ ላይ ሰክታ፣ ሱቅ በር ላይ የአገሬ ምግብ እያልሽ የምታደነቁሪን ይሄ ነው ወይ፣ ውሸታም ሙዝ ነው እንዴ የምትበሉት አለችኝ። ጎጎዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በጥርሴ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ረሃብ ሳቅ አይወድም። ከጎጎዎቹ ሦስቱ ስኳር አለባቸው፣ መድኃኒታቸውን በባዶ ሆድ አይወስዱም። አንዷ ሆቴል መልሱን አለች፣ አንዷ እቁቤን መልሱልኝ አለች። ማታ ደግሞ ፌቨን ለአለቃዋ የምታስረክበውን የአስተያየት ወረቀት ይሞላሉ። ልጅቷ ፈገግ እንዳለች ሰዓቷን ታያለች። ምዜ ሐሚሲ ሶላት ደረሰብኝ፣ መስጊድ ደርሼ ልምጣ፣ ሩዙም እየተጣደ ነው ብለው ሄዱ። ፌቨን ጊዜ ለመግፋት ጎጎዎቹን ኮኮናት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው እናያለን ብላ ይዛቸው ወደ ጓሮ ዞረች። እኔና ኖምሳ ጉልበታችንን ምክንያት አድርገን አግዳሚው ላይ ቀረን።

እስቲ ፍረዱኝ። ፊት ለፊቴ እንሰት። በስተቀኝ ገጀራ፣ ግንድ ላይ ተሰክቶ። በስተግራ ዶማ፣ ግድግዳ ተደግፎ። እሳት እየነደደ፣ ሰው እየተራበ፣ ልጄ እየተጨነቀች። የእንሰቱን ቆጮ ለመብላት ወራት ይፈጃል፣ እሱን አውቃለሁ። ሥሩ ግን፣ ያ መሬት ውስጥ ያለው እንደ ትልቅ ድንች ያለ ነገር፣ ተቆርጦ ሲቀቀል አሚቾ ነው፤ በዚያው ቀን ይበላል። በኛ አገር ደግሞ እንሰት የሴት ነው። የትኛው እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚቆረጥ የምትወስነው የቤቱ ሴት ናት፤ ወንድ ጠይቃ አታውቅም። ክቡር እንግዳ ከመጣ ቆርጣ ታበላለች፣ አለቀ።

ኖምሳ እጄ ወዴት እንደሚሄድ አየችና ሽማግሌው ይፈቅዳሉ ወይ አለችኝ።

"ከመጣን ጀምሮ ሲቆርጡ የነበሩት ማን ናቸው?" አልኳት። "የኔ የሆነ የናንተ ነው ብለዋል። ልጅት ተርጉማልኛለች።"

ኖምሳ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው፤ ከመጥፎ ነገር የሚከለክል ጎረቤት መንገድ ዳር አይጠፋም፣ ዶማ የሚያቀብል ግን አንድ ነው።

ጉልበቴን የሚያመኝ ስሄድ እንጂ እንሰት ስቆርጥ አይደለም። ቅጠሉን አንድ በአንድ አወረድኩት፣ ኖምሳ እንደ ምንጣፍ አነጠፈችው። ግንዱን ስመታው ውሃው ፊቴ ላይ ፈነጠቀ፣ ሽታው መጣብኝ፣ እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝና "በደንብ ምቺ" ስትለኝ ሰማኋት። ያ ሁሉ ቁመት ዷ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ዙሪያውን ቆፈርን። ኖምሳ በዙሉ እየዘፈነች ትቆፍራለች፣ እኔ በሃዲይኛ እየሰደብኩ እነቀንቃለሁ። ሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያክል ነው። ሁለታችንም በቂጣችን ጭቃው ላይ ተቀመጥን። የእሁድ ቀሚሴ፣ የቸርች ቀሚሴ፣ የጭቃ ቀሚስ ሆነ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምዜ ሐሚሲ ከመስጊድ የተመለሱት ያኔ ነው።

ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ ቆሙ፣ የወደቀውን ግንድ አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ፌቨን ከነጎጎዎቹ ከጓሮ ብቅ ስትል ሁሉም ባለበት ቆመ። ሽማግሌው ለሷ ብቻ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። እሷም እንባዋ እየወረደ ተረጎመችልኝ። ያመጣላቸው ወንድም ሞቷል። ጀልባው ሰጥሞበት ነው። ከሱ የቀራቸው ይሄ ተክል ነበር። አሁን ለአለቃሽ እደውላለሁ፣ ከናንተ ቢሮ ሰው እዚህ በር አይገባም ብለዋል።

"እማማ" አለችኝ ከዚያ፣ "ምን አደረግሽኝ?"

በሕይወቴ ያላፈርኩ ሰው አይደለሁም፤ ብዙ አፍሬያለሁ፣ ወዲያው ይለቀኛል። ያን ጊዜ ግን የምገባበት ጠፍቶኝ የቆፈርነው ጉድጓድ እንኳ ጠበበኝ። ሽማግሌው ተክሉን ሲመቱ የነበረው ለካ ትከሻ እንደመምታት ነው። እኔ ምግብ አየሁ፣ እሳቸው ወንድም አጥተዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ፣ የተናገሩት። አይወልድም ብለዋል። ይሄ ሰውዬ አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን ተክል ውሃ እያጠጡ፣ ልጅ ይወልድልኛል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል። ማንም ሳይነግራቸው። ጭቃዬን ይዤ ተነሣሁ።

"ተርጉሚ" አልኳት ፌቨንን። "አንድም ቃል እንዳታስቀሪ። በያቸው፣ አጥፍቻለሁ፣ ሳልጠይቅ የሰው ዕቃ ነክቻለሁ። ግን እንሰት ቆሞ አይወልድም፣ ሲቆረጥ ነው የሚወልደው። ልቡን አውጥቼ ሥሩን ልቅበርልዎት። ልጆቹን ቆጥረው ይደክምዎታል።"

ተረጎመች። ሽማግሌው አዩኝ። ዋሽታ ከሆነስ አሉ።

"ያኔ ለአለቃዋ ይደውሉ" አልኩ።

ፌቨን ይቺን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደች። ሥራዋን በእንሰት ሥር አስይዣለሁ፣ ሳላስፈቅዳት፤ በአንድ ቀን ሁለተኛዬ።

ሽማግሌው ዶማውን አነሡ። ሊሰነዝሩብኝ መስሎኝ ነበር፤ መሬቱ የት ይቆፈር ለማለት ነው። ሥሩን አራት ቦታ ሰነጠቅሁት። ሦስቱን ለመሬት፣ አንዱን ለድስት። መሐሉ ላይ ያለውን ልብ፣ ያን ነጩን፣ በቢላ አወጣሁ፤ እሱ ካልወጣ ግንዱ እኔ ብቻ ልደግ ይላል፣ ልጆቹን ያፍናል። እንደ ሰው ነው፤ አንዳንድ አባት አለ እሱ ካልተነሣ ልጅ የማያድግ። እበት ጠየቅሁ፣ እሳቸው ራሳቸው ከበሬዎቹ ጋጥ በባልዲ አመጡ። ጎጎዎቹ ሳይነግሯቸው እጃቸውን አጣምረው ዙሪያውን ቆሙ፣ ቀብር ነው የሚመስለው። ኖምሳ አፈሩን መለሰች። አንዷ ጎጎ ጸሎት ጀመረች፣ ምዜ ሐሚሲ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ እኔም አይኔን ጨፈንኩ። ዛንዚባር ድረስ ሄጄ እንሰት ቀበርኩ በሉ።

ከዚያ አሚቾውን ጣድኩ። ቅጠሉን ክዳን፣ ቅጠሉን ምንጣፍ፣ ቅጠሉን ሳህን አደረግሁት። ሩዙ በግርግሩ መሐል ዘግይቶ ተጥዶ ገና ሲንተከተክ አሚቾዬ በሰለ። ጨውና በርበሬ ነሰነስኩ፣ ምዜ ሐሚሲ ኮኮናት ፈረፈሩበት። ሁሉም በላ። እንዴት እንደበሉ ልነግራችሁ አልችልም። ድገሚን አሉ። እንደገና ድገሚን አሉ። ኖምሳማ ከሌላዋ ጎጎ ፊት አንሥታ በላች፣ እያጨበጨበች። አውቶቡስ ላይ እየዘፈኑ ነው የተመለሱት፣ ማታ ወረቀቱን ሲሞሉ ደግሞ ፌቨን ቦታ አልበቃ አላቸው አለችኝ፣ ጀርባው ላይ ሁሉ ጽፈዋል። ፊደል ባልቆጥርም የወረቀት ጀርባ አውቃለሁ።

ግን ሥራው አላለቀም። ወረቀቱ ጥሩ ቢሆንም እንሰቱ ካልበቀለ የሽማግሌው ስልክ አለ። አለቃዋ አንድ ቡድን አይበቃኝም ብላ ሙከራውን ሦስት ወር ጨመረችባት፣ ሦስት ወር ደግሞ እንሰቱ ልጆቹን የሚያሳይበት ጊዜ ነው። አይቮሪ ፓርክ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ዝናብ ሲዘንብ እዚያም ይዘንብ ይሆን እላለሁ። ፀሐይ ሲበረታ ውሃ አጠጥተውት ይሆን እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሌሊት ተነሥቼ፣ የደሴት አፈር እኮ አሸዋ ነው፣ እበቱስ የበሬ ነው እንጂ የኛ በሬ አይደለም፣ እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። ፌቨን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ እሷ ትደብቀኛለች፣ እኔ እደብቃታለሁ።

ቸርች ሄጄ የሴቶች ጸሎት ላይ ርዕስ አቀረብኩ። አንድ የዛንዚባር ሽማግሌ ልጅ እንዲሰጣቸው ጸልዩልኝ አልኩ። እህቶቼ ደነገጡ፣ አዘኑ፣ በእንባ ጸለዩ። ሁለት ረቡዕ ጾሙ። አንዷ የሚስቱ ስም ማነው ብላ ጠየቀችኝ፣ እሱን ጌታ ያውቃል አልኳት። ምን ላድርግ? እንሰት ነው ብል ማን ይጾምልኛል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፌቨን ከቤት ወደ ሱቁ ስትሮጥ አየኋት፣ ጫማዋ አንዱ ብቻ እግሯ ላይ። ሽማግሌው ደወሉ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ስልኳን ፊቴ ላይ አደረገችው። ፎቶ ነው። ምዜ ሐሚሲ ቁጢጥ ብለው፣ ያ የጎደለ ጥርሳቸው እየታየ እየሳቁ፣ ዙሪያቸውን፣ ከሦስቱም ጉድጓድ፣ እንደ ጫጩት የሚተራመስ የእንሰት ቡቃያ። አረንጓዴ፣ ቀላ ያለ አከርካሪ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚጋፋ። ፌቨን ከሥሩ ያለውን አነበበችልኝ። እስከ ሰባ ቆጥሬ ተውኩት ይላሉ። አንዱን በወንድሜ መቃብር ላይ ተከልኩት ይላሉ። ለአለቃዋም ደውለዋል፤ ከዚህ በኋላ ሰው ስትልኩልኝ በዚች ልጅ በኩል ይሁን፣ አሮጊቷም ብትመጣ በሬ ክፍት ነው፣ ገጀራውን ግን እኔ እይዛለሁ ብለዋታል።

ሰኞ ፌቨን ቋሚ ሆነች። እኔም ቋሚ ሆንኩ፣ ወንበሬ ላይ፤ ግን አቀማመጤ ተለወጠ። እግሬን አነባብሬ ነው የምቀመጠው። ፎቶውን ታምራት በትልቁ አሳትሞልኝ ከዲግሪው አጠገብ ሰቀለው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፣ ከዚያ ታሪኩን ይሰማል፣ ከዚያ ነው ዳቦ የሚሸጥለት። ቸርች ሄጄም ልጅ ተወለደ አልኩ፣ ሰባ ናቸው አልኩ፣ ከዚያ እውነቱን ተናዘዝኩ። ሁለት እህቶች እስካሁን አያናግሩኝም። የቀሩት ግን የጾምንበት ፍሬ ነው ብለው ፎቶውን ለየራሳቸው አስልከዋል።

ኖምሳ ማክሰኞ ዳቦ ልትገዛ መጣች። ፎቶው ሥር አስቀመጥኳት። የዚያን ቀን ወሬ እንደገና አነሣሁ፤ እንዴት እንደቆረጥን፣ እንዴት እንደቀበርን። ምግቡን ደግሞ እንዴት እንደወደዳችሁት አልኳት፣ ሦስት ጊዜ ድገሚን እያላችሁ፣ እኔ እኮ እጄ ላይ ያለውን ጣዕም ድሮም አውቀዋለሁ፣ እናንተ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በልታችሁ እንዲህ መውደዳችሁ ገረመኝ አልኳት።

ኖምሳ ዳቦዋን ብብቷ ሥር አደረገች።

"ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው" አለችኝ። "የበላነው ልጅቷ ስላለቀሰች ነው።"